የሽምብራና የስቴኪኒ ትምህርት

ስለ ልጆች ትምህርት የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መካሪ ሆኖ ነው የሚቀርበው። እኔ ግን የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነበርኩ። በክፍሌ ውስጥ 64 ተማሪዎች ነበሩ። አንድ ቀን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስጽፍ ከኋላ ወንበር በኩል የሽቦ መንቃቃት ሰማሁ። ሄጄ ሳይ አንድ ልጅ ከጠረጴዛው ሥር የሽቦ መኪና ደብቋል። ጎማዎቿ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው። ከአካሏ ወደ ላይ የወጣ ረጅም ሽቦ አላት፤ በሽቦው ጫፍ ላይ ክብ መሪ አለ። ልጁ ቆሞ መሪውን ሲያዞረው የፊት ጎማዎቹ አብረው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይታጠፋሉ። ይህን ሁሉ የተገነዘብኩት በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የታየኝ ሥርዓት የጣሰ ተማሪ ብቻ ነበር። መኪናዋን ነጥቄ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባት፤ ልጁንም ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጥግ ላይ አቆምኩት። ከዚያም ወደ ሰሌዳው ተመልሼ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

የዕለቱ ርዕስ ምን ነበር ብትሉኝ «ቀላል ማሽኖች» የሚል ነበር። መንኮራኩርና ዘንጉን በጠመኔ እየሣልኩ አስረዳሁ፤ ተማሪዎቹም ሥዕሉን ወደ ደብተራቸው ገለበጡ። በወሩ ፈተና ላይ «መንኮራኩርና ዘንግ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ያ ልጅ ቦታውን ባዶ ትቶት አለፈ። እኔም ኤክስ አድርጌበት ወደ ሚቀጥለው ወረቀት ሄድኩ።

ትምህርት ሲዘጋ መኪናዋን መለስኩለት። በመሳቢያው ውስጥ ደብተር ተጭኗት ኖሮ የፊት ዘንጓ ተጣሞ ነበር። ልጁ አንዴ አየት አደረጋትና እዚያው ፊቴ ቆሞ ዘንጉን በጥርሱ አቀናው፤ ጎማውን በጣቱ አሽከርክሮ መዞሩን አረጋገጠና ሄደ። መንኮራኩርና ዘንግን አያውቅም ብዬ ዜሮ የሰጠሁት ልጅ ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ መጫወቻ መሥራት ትምህርት ሊሆን ይችላልን? በክፍል ውስጥስ ቦታ አለውን? በዚህ ላይ ካነበብኩትና በቅርቡ ራሴም ከሞከርኩት ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ

በብዙዎቻችን ቤት መጫወቻ ማለት ከሱቅ የሚገዛ ፕላስቲክ ነው። ለዒድ ይገዛል፤ በሳምንቱ ይሰበራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ልጁ ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ከፈታታው ደግሞ «አጥፊ» ተብሎ ይገሠጻል።

በሐዲሥ መጻሕፍት ውስጥ የምናገኘው መጫወቻ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሩበይዕ ቢንት ሙዐወዝ (ረ.ዐ.) ያስተላለፈችውና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ የመዲና እናቶች የዐሹራን ቀን ሲጾሙ ትንንሽ ልጆቻቸውንም ያስጾሙ እንደነበር ይነግረናል። ለልጆቹ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው ነበር። ልጁ ርቦት ሲያለቅስ የማፍጠሪያው ሰዓት እስኪደርስ ያንን ይሰጡት ነበር። ልብ በሉ! መጫወቻው ከቤት ውስጥ ከተገኘ ነገር፣ በእናት እጅ፣ ለታወቀ ዓላማ የተሠራ ነው።

አቡ ዳውድ የዘገቡት የእናታችን የዐኢሻ (ረ.ዐ.) ታሪክም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዘመቻ ሲመለሱ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠውና አሻንጉሊቶቿን አዩ። በመካከላቸው ከጨርቅ የተሠራ ሁለት ክንፍ ያለው ፈረስ ነበር። ይህ ምንድን ነው? በላዩ ላይ ያለውስ ምንድን ነው? ፈረስ ክንፍ አለውን? እያሉ ጠየቋት። እርሷም የሱለይማን (ዐ.ሰ.) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። (ዑለሞች ስለ ልጆች አሻንጉሊት ፍርድ የሰጡት ማብራሪያ በፊቅህ መጻሕፍት ሰፊ ቦታ አለው፤ የዛሬው ርዕሳችን ስላልሆነ እናልፈዋለን።) መምህር በነበርኩበት ጊዜ ይህን ሐዲሥ አውቀው ነበር። ያላስተዋልኩት የጥያቄዎቹን አካሄድ ነው። ፈረስ ክንፍ የለውም ተብላ አልታረመችም፤ ተጠየቀች። እርሷም ከምታውቀው ነገር ተነሥታ ማስረጃ አቀረበች። እኔ ያን ልጅ «ይህ ሽቦ ለምን እዚህ ጋ ታጠፈ?» ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቀው ኖሮ ትምህርቱን ለክፍሉ በሙሉ እሱ ይሰጥልኝ ነበር።

ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ሥራቸው ልጅ ከትምህርት ሲመለስ ከድካሙ የሚያርፍበት መልካም ጨዋታ ሊፈቀድለት እንደሚገባ ጽፈዋል። ጨዋታን ከልክሎ ያለማቋረጥ በትምህርት ማስጨነቅ ልብን እንደሚገድልና አእምሮን እንደሚያደነዝዝም አስጠንቅቀዋል። በእርግጥ እሳቸው የሚናገሩት ከትምህርት በኋላ ስለሚመጣው ዕረፍት ነው። እኛ የያዝነው ጉዳይ አንድ እርምጃ አልፎ ጨዋታውን ራሱን ወደ ክፍል የሚያስገባ ስለሆነ የእሳቸውን ንግግር ካሉት በላይ ላስኬደው አልፈልግም።

ለነገሩ በእጅ እየሠሩ መማር ለኛ እንግዳ አልነበረም። በድሮው ቁርኣን ቤት ደረሳው ሉሑን ራሱ አጥቦ፣ ከጥላሸት ቀለም በጥብጦ፣ የመቃ ብዕሩን ራሱ ቀርጾ ነበር የሚማረው። ዛሬ ግን በየስብሰባው ስለ አል-ጀዘሪ መናገር እንወዳለን፤ እ.ኤ.አ. በ1206 ስለጻፈው የሜካኒክ መጽሐፍና ስለ ዝሆን ሰዓቱ እንተርካለን። ልጆቻችን በጥሞና አዳምጠው ቤት ሲገቡ ካቻቢቴ እንዳይነኩ ይከለከላሉ።

በሆሻንጋባድ የሆነው

በክፍል ውስጥ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ በሰፊው ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ህንድ ናት። ቦታው በመካከለኛው ህንድ፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት የሚገኘው ሆሻንጋባድ ነው። (ስሙ በቅርብ ዓመታት ናርማዳፑራም ተብሎ ተለውጧል።) እ.ኤ.አ. በ1972 ኪሾር ባራቲና ፍሬንድስ ሩራል ሴንተር የተባሉ ሁለት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከመንግሥት ፈቃድ አግኝተው በ16 የገጠር ትምህርት ቤቶች ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን የሳይንስ ትምህርት በአዲስ መንገድ ማስተማር ጀመሩ። ከዩኒቨርሲቲና ከምርምር ተቋማት የመጡ ሳይንቲስቶችም ከመንደር መምህራን ጋር አብረው ተቀመጡ። በ1978 ሥራው በአውራጃው ወዳሉት መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተስፋፋ። በ1982 የተመሠረተው ኤክላቭያ የተባለው ድርጅት ደግሞ በኋላ ኃላፊነቱን ተረከበ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ልጆቹ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። የሚሰጣቸው መጽሐፍ «ባል ቫይግያኒክ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ልጅ ሳይንቲስት» እንደማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሙከራና ጥያቄ እንጂ የተጻፈ መልስ የለም። መልሱን ልጆቹ ሠርተው፣ አይተውና ተከራክረው ራሳቸው ይጽፉታል። ጥያቄያቸውን በደብዳቤ የሚልኩለት ሳዋሊራም የሚባል ሰውም ነበራቸው። ሳዋሊራም በእውኑ ዓለም የለም፤ ለልጆቹ ሲባል የተፈጠረ ስም ነው። ልጆቹ ግን ይጽፉለት ነበር፤ መልስም ይደርሳቸው ነበር።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ፈተናው ነው። በ8ኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና ላይ ልጁ መጽሐፉንና ደብተሩን ይዞ እንዲገባ ይፈቀድለት ነበር። ሸምድዶ የመጣና ያልሸመደደ ልጅ በዚህ አይለዩም። በተጨማሪም በእጁ ሠርቶ የሚያሳየው የተግባር ፈተና ነበረው። እስቲ አስቡት፤ የኔ ባለ ሽቦ መኪና ተማሪ እዚያ ቢፈተን ኖሮ!

ወደዚህ አውራጃ ከመጡት ሰዎች አንዱ አርቪንድ ጉፕታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካንፑር ከሚገኘው ታዋቂ የቴክኖሎጂ ተቋም በምሕንድስና ተመርቆ ፑኔ ከተማ በሚገኝ የከባድ መኪና ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1978 የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ወደ ሆሻንጋባድ ሄደ። በመንደሩ ገበያ ከሚሸጡት ርካሽ ነገሮች መካከል የብስክሌት ጎማ ቫልቭ ላይ የሚገባውን ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አገኘ። ቱቦውን ቆራርጦ ክብሪት እንጨት በሁለቱም ጫፍ ሲያስገባበት እንደልብ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ሆነለት። ሦስተኛ እንጨት መጨመር ሲፈልግ ቱቦውን በግራር እሾህ ይበሳዋል። በዚህ ዘዴ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬ፣ ቤትና ድልድይ ይሠራል። የሀብታም ልጆች በውድ የሚገዙትን የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ የገበሬ ልጅ በጥቂት ሳንቲም አገኘው ማለት ነው። ጉፕታ ከዚያ በኋላ ወደ ፋብሪካው ሙያ አልዘለቀም። ከተጣለ ዕቃ የሚሠሩ መጫወቻዎችን በመጽሐፍና በፊልም ሲያስተምር ኖረ፤ ከ2003 እስከ 2014 በፑኔ የልጆች ሳይንስ ማዕከል ውስጥ ሠራ፤ በ2018 የህንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠው።

ነገሩ ሁሉ ግን በመልካም አልተጠናቀቀም። የሆሻንጋባድ ፕሮግራም 30 ዓመት ሠርቶ፣ ወደ 1 ሺህ ገደማ ትምህርት ቤቶች ከደረሰ በኋላ በ2002 በግዛቱ መንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ልጆቹ በ10ኛ ክፍል ፈተና ወደኋላ ይቀራሉ የሚል ነበር። የፕሮግራሙ ሰዎች ክሱን አልተቀበሉትም፤ ቢከራከሩም አልተሳካላቸውም።

ይህን የማነሣው ወላጆች ስለሚጠይቁኝ ነው። በኛ አገር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ አባት «ልጅህ ዛሬ በክፍል ውስጥ መጫወቻ ሲሠራ ዋለ» ቢባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። መጫወቻ መሥራት ያን ውጤት ይፈውሳል ብዬም አልዋሽም። ልጁ የሚፈተነው በሽምደዳ እስከሆነ ድረስ ሠርቶ የተረዳው ነገር ብቻውን ነጥብ አያመጣለትም። ስለዚህ በእጅ የሚያሠራ መምህር በስተመጨረሻ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ቃሉን፣ ቀመሩንና አጻጻፉን ማስያዝ አለበት። ልጁ የሠራውን ነገር ስም ሳያውቅ እንዳይቀር። የኔ ተማሪ መኪናዋን ሠርቷታል፤ ስሟን ከእጁ ጋር ያገናኘለት ሰው ነው ያጣው።

የተዘፈዘፈው ሽምብራ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የብስክሌት ቫልቭ ቱቦ በየቦታው ላይገኝ ይችላል። ክብሪትም ከልጆች ጋር ሲሆን ራሱ ተቆርጦ መጣል አለበት። ከሁለቱም የሚቀል ነገር አለ፤ እሱም የተዘፈዘፈ ሽምብራና ስቴኪኒ ነው።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1837 በጀርመን አገር የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት ያቋቋመው ፍሪድሪክ ፍሮብል ለልጆች ካዘጋጃቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ በተዘፈዘፈ አተርና በቀጫጭን እንጨት ቅርጽ መሥራት ነበር። ከዚያ ዘመን ብዙ ቆይቶ፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ በክሚንስተር ፉለር የሚባል ዐይኑ በደንብ የማያይ ሕፃን ይኸው አተርና እንጨት ተሰጠው። ሌሎቹ ልጆች በዐይናቸው ያዩትን ቤት መስለው አራት ማዕዘን ሠሩ። እሱ የቤት ቅርጽ በደንብ አይቶ ስለማያውቅ በጣቱ እየዳበሰ የማይወላገደውን ቅርጽ ፈለገ። ያገኘውም ሦስት ማዕዘንን ነው። ይህ ሰው በኋላ በሦስት ማዕዘን መረብ በሚሠሩ ትልልቅ ጉልላቶች በዓለም ታወቀ፤ በ1967 በሞንትሪያል የዓለም ትርኢት ላይ የቆመው የአሜሪካ አዳራሽ የእሱ ንድፍ ነው። ታሪኩን ራሱ ነበር የሚተርከው።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ከመድረሳ ሲወጡ የማገኛቸውን 22 ልጆች ሰብስቤ ይህንኑ ሞከርኩት። ሽምብራው ማታ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ውኃው ተደፍቶ በጨርቅ ይደርቃል። በጣም ከለሰለሰ ይሰነጠቃል፤ ካልራሰ ደግሞ ስቴኪኒው ይሰበራል። ከአንድ ሌሊት በላይ ባይቆይ ይሻላል። አንድ ብርጭቆ ሽምብራ ለአንድ ትልቅ ክፍል ይበቃል።

በመጀመሪያ ሁሉም ልጅ ሦስት ሽምብራና ሦስት ስቴኪኒ ወስዶ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ቀጥሎ በአራት ሽምብራና በአራት ስቴኪኒ ካሬ ይሠራል። ከዚያ ሁለቱንም ማዕዘናቸውን ይዞ ቀስ ብሎ ይገፋል። ካሬው ያጋድላል፤ ጠፍጥፎም ይተኛል። ሦስት ማዕዘኑ ግን እንጨቱ ወይም ሽምብራው ካልተሰበረ በቀር ቅርጹን አይለውጥም። ይህን መምህር አይናገርም። ልጁ በእጁ ሲሰማው ፊቱ ላይ ይታያል።

«ካሬው እንዳያጋድል ምን እናድርግ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹ ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ እንጨት ማስገባት እንዳለበት ቶሎ ደረሱበት። ነገር ግን ስቴኪኒው አልደረሰላቸውም፤ አጠረ! ይህን እኔም አስቀድሜ አላሰብኩበትም ነበር። የካሬ ሰያፍ ከጎኑ 1.41 እጥፍ ያህል ይረዝማል። የስቴኪኒው ርዝመት 6.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰያፉ 9.2 ያህል ያስፈልገዋል። አንዱ ልጅ ሁለት ስቴኪኒ በክር አሰረ፤ ልፍስፍስ ሆነበት። ሌላዋ ከመጥረጊያ አንድ ሰበዝ መዝዛ አመጣች። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ግን ዝም ብላ ስታስብ ቆየችና አራቱን የጎን ስቴኪኒዎች በጥርሷ እየቆረጠች አሳጠረቻቸው፤ ያልተቆረጠውን ስቴኪኒ ሰያፍ አደረገችው። ገጠመ። ርዝመቱን ስንለካው ጎኖቹ 4.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነው ተገኙ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያሉት የፓይታጎራስን ቲዎረም በቃላቸው ያውቁ ነበር። «ቲቸር፣ ያ ማለት ይህ ነው እንዴ?» ያለኝ ልጅ ቲዎረሙን ከኔ በተሻለ ፍጥነት የሚያነበንብ ነው።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣን። የግቢው የእንጨት በር ጀርባ ላይ የተመታውን ሰያፍ፣ የመስጊዱን የቆርቆሮ ጣሪያ ማገር፣ ከመንገዱ ማዶ እየተሠራ ባለው ሕንፃ መወጣጫ ላይ የታሰሩትን ሰያፍ ባሕር ዛፎች፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ተሸካሚውን የብረት ማማ አዩ። በየቀኑ የሚያልፉበት መንገድ ነው። እኔም ሃምሳ ዓመት አልፌበታለሁ።

ለክፍል የሚመች ቅደም ተከተል ለሚፈልግ መምህር ልጨምርለት። ስድስት ስቴኪኒና አራት ሽምብራ አራት ገጽ ያለው ጠንካራ ፒራሚድ ይሰጣል። አሥራ ሁለት ስቴኪኒና ስምንት ሽምብራ ኩብ ይሰጣል፤ ኩቡ ይወላገዳል። ገጽ፣ ጠርዝና ጫፍ ምን እንደሆኑ ከመጽሐፍ ሥዕል ላይ ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ ልጁ ኩቡን በእጁ ይዞ ሲቆጥር ግን አሥር ደቂቃ አይሞላም።

የአንዲት እናት ጥያቄ

በሁለተኛው ቀን የአንዱ ልጅ እናት መጡ። «ወንድሜ፣ ሽምብራ እኮ ሪዝቅ ነው። ስንቱ የሚቀምሰው አጥቶ እያደረ መጫወቻ ይደረጋል?» አሉኝ። ያፈርኩ ያህል ተሰማኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በተለይ በዚህ ኑሮ። ከዚያ ወዲህ ነቀዝ የበላውንና ለቅም የወጣውን ሽምብራ ብቻ እጠቀማለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ስቴኪኒው ተነቅሎ ሽምብራው ለዶሮ ይሰጣል። ሽምብራ ከሌለም የተቦካ ጭቃ ወይም የሸክላ አፈር ይሠራል፤ ሲደርቅ ይፈረካከሳል እንጂ ለአንድ ክፍለ ጊዜ በቂ ነው። እናትየዋ በሦስተኛው ቀን ራሳቸው የነቀዘ ሽምብራ በፌስታል ይዘው መጡ።

ሌሎች መጫወቻዎችንም ሠርተናል። የለስላሳ መጠጫ ስትሮ አንዱን ጫፍ ጠፍጥፎ ሁለቱን ጥግ በመቀስ በሰያፍ ቆርጦ መንፋት ነው፤ ይጮኻል። እየነፉ ከሌላው ጫፍ በመቀስ ሲያሳጥሩት ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በውስጡ ያለው አየር ባጠረ ቁጥር ፈጥኖ ስለሚርገበገብ ነው። ይህን ስታስተምሩ ጎረቤት ካለ ክፍል መምህር ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እኔ ወቀሳ ደርሶብኛል።

ለትልልቆቹ ደግሞ ሞተር አለ። አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት፣ ሞተር ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ዘንድ የተገኘ ትርፍራፊ የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል። ሽቦው በድንጋዩ ዙሪያ አሥር ጊዜ ያህል ተጠቅልሎ ይወጣና ሁለት ጫፎቹ ግራና ቀኝ እንዲወጡ ይደረጋል። መርፌ ቁልፎቹ በድንጋዩ ሁለት ጫፍ በላስቲክ ይታሰራሉ፤ ጥቅልሉ በቀዳዳዎቻቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ማግኔቱ ከሥሩ ይቀመጣል። ምሥጢሩ ያለው ሽቦውን የሸፈነውን ቀለም በመፋቅ ላይ ነው። አንዱ ጫፍ ዙሪያውን ይፋቃል፤ ሌላው ጫፍ ግን በአንድ ወገን ብቻ። ሁለቱም ዙሪያቸውን ከተፋቁ ጥቅልሉ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም፤ ምክንያቱም በግማሽ ዙሩ ላይ ኃይሉ ወደኋላ ይመልሰዋል። በአንድ ወገን ሲፋቅ ግን በዚያ ግማሽ ዙር ኤሌክትሪኩ ይቋረጥና ጥቅልሉ በያዘው ፍጥነት ያልፈዋል። በመጀመሪያው ቀን ከስድስቱ ቡድን የአንዱ ብቻ ዞረ። አምስቱ ግን ለምን እንዳልዞረላቸው ሲከራከሩ የመግሪብ አዛን ደረሰባቸው።

ስለ ጥንቃቄም አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ሽምብራ ለትንንሽ ሕፃናት አይሰጥም፤ ያንቃቸዋል፤ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባም በእርጥበቱ ያብጣል። ስቴኪኒ ዐይን ይወጋል፤ ስለዚህ ልጆች ተቀምጠው እንጂ እየሮጡ አይሠሩም። ትንንሽ ማግኔቶችና የሰዓት ክብ ባትሪዎች ከተዋጡ አንጀትንና ጉሮሮን ክፉኛ ይጎዳሉ፤ ወደ ክፍል ባይገቡ ይመረጣል። ባለ ትልቅ ድንጋይ ባትሪ ይበቃል። የመዳቡን ሽቦ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑ በየቀኑ ይነገራቸው።

ክፍሌ 60 ልጅ አለበት፣ እንዴት ይቻላል የሚል መምህር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም 64 ነበሩኝ። አራት አራት ሲሆኑ 15 እና 16 ቡድን ይሆናሉ፤ ከየቡድኑ አንዱ ዕቃ ተረካቢ፣ አንዱ ጸሐፊ ይሆናል። ጫጫታ አለ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ሊሉ ይችላሉ፤ አስቀድሞ ነግሮ መጋበዝ ይሻላል። በየሳምንቱ ማድረግ አይቻልም፤ ከአንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ ከተሠራም ብዙ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሎች ለዚሁ ሥራ የታሰቡ ነበሩ፤ በብዙ ቦታ መምህሩ የሠራው መርጃ መሣሪያ ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል። ማዕከሉ የመምህሩን ሳይሆን የልጆቹን ሥራ ቢይዝ ምናልባት በሩ ይከፈት ይሆናል።

በክረምቱ መጨረሻ ቡድኖቹ በሽምብራና በስቴኪኒ ድልድይ ሠሩ። በሁለት ወንበር መካከል ተጋድሞ መሐሉ ላይ ሳህን ይንጠለጠልና ጠጠር ይጨመርበታል። አንድ ሌሊት ማሳደር ያስፈልጋል፤ ሽምብራው ሲደርቅ ስቴኪኒውን አጥብቆ ይይዘዋል። ጠዋት ስንገባ ከስድስቱ ድልድይ አራቱ እንደ ድንጋይ ጠንክረው ጠበቁን። አምስተኛው በአንድ ወገን ወድቋል። የስድስተኛው መጋጠሚያዎች ጭራሽ የሉም፤ ስቴኪኒው ብቻ መሬት ላይ ተበትኗል። «አይጥ ናት!» አሉ ባለቤቶቹ። ከሌላው ቡድን አንዱ ጎንበስ ብሎ መሬቱን መረመረና አይጥ ቢሆን ኖሮ ፍርፋሪ ትተው ነበር አለ። ለምን ከስድስቱ ይህን ብቻ መረጠች የሚል ሌላ ጥያቄም ተነሣ። ከባለቤቶቹ አንዱ፣ የሰባት ዓመቱ ታናሽ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።